ስሙ ባልገነነ ብራውዘር ባንክ ለምትከፍቺው ልጄ

ልጄ፣ ባለፈው እሑድ የጠየቅሽኝ ጥያቄ ቡና ላይ በሁለት ቃል የሚመለስ ስላልነበረ ነው መጻፍ የመረጥኩት። ላፕቶፕሽ አሮጌ ነው፤ ክሮም ሲከፈትበት ይንቀራፈፋል፤ አንድ የሥራ ባልደረባሽ ቀለል ያለ ብራውዘር ጫነልሽ፤ አሁን የራስሽንም የመሥሪያ ቤትሽንም ሒሳብ የምትከፍቺው በእሱ ነው። "ጋሼ፣ ማንም የማያውቀው ብራውዘር ስለሆነ ሌባም አያውቀውም አይደል?" አልሽኝ። ይህን አስተያየት ከብዙ ወጣቶች ስለሰማሁት እኩዮችሽም እንዲያነቡት ሰፋ አድርጌዋለሁ።

ዕድሜዬን በባንክ የኮምፒውተር ክፍል ያሳለፍኩ ሰው ነኝና በቀጥታ ልንገርሽ። ብራውዘር ስሙ ስለገነነ አይጠብቅሽም፤ ስሙ ስላልተሰማም አይሸሽግሽም። የሚጠብቅሽ ከጀርባው ቀዳዳ በተገኘ ቁጥር ቶሎ የሚደፍን ባለሙያ መኖሩ ነው። የምመክርሽ አብዛኛው ነገር ከዚህ የሚመነጭ ነው።

1. ሌባው የብራውዘርሽን ስም ማወቅ አያስፈልገውም፤ ሞተሩን፣ ማለትም ገጹን የሚከፍተውን የውስጥ ኮድ፣ ካወቀ ይበቃዋል። ስማቸው ብዙ የማይነሳ ብራውዘሮች አብዛኞቹ ከባዶ የተሠሩ አይደሉም። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2008 ለሁሉም ክፍት ባደረገው ክሮሚየም በሚባል ኮድ ላይ የራሳቸውን መልክና አዝራር ጨምረው የሚወጡ ናቸው። ብሬቭ፣ ቪቫልዲ፣ የዛሬው ኦፔራ ከዚሁ ቤት ናቸው፤ ማይክሮሶፍት እንኳ እ.ኤ.አ. ከጥር 2020 ጀምሮ ኤጅን ወደዚሁ ሞተር አዛውሮታል። ፋየርፎክስ ጌኮ የተባለ የራሱ ሞተር አለው፤ የአፕሉ ሳፋሪ የሚሠራው በዌብኪት ነው። አፕልማ ለረጅም ዓመታት በአይፎን ላይ የሚጫን ማንኛውም ብራውዘር በዌብኪት ካልሠራ አያስገባም ነበር፤ የአውሮፓ ኅብረት ሕግ በአባል አገሮቹ በሩን ያስከፈተው እ.ኤ.አ. በ2024 ነው።

ስለዚህ በጋራ ኮድ ላይ ቀዳዳ ሲገኝ የሚገኘው ኮዱን ለሚጋሩት ሁሉ ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 የሆነውን ልንገርሽ። ዌብፒ የሚባለውን የሥዕል ዓይነት በሚከፍተው የጋራ ኮድ ላይ ከባድ ቀዳዳ ተገኘ፤ ተንኮል ያለበት ሥዕል ያለበትን ገጽ መክፈት ብቻ ለአደጋ ያጋልጥ ነበር። ጉግል ክሮምን አስተካከለ፤ ፋየርፎክስ፣ ኤጅ፣ ብሬቭ፣ ቪቫልዲና ኦፔራም በቀናት ውስጥ ተከተሉ። ታዲያ ማስተካከያው ይፋ በሆነ ሰዓት ቀዳዳው የት እንደነበረም ይፋ ሆነ ማለት ነው። የሌባው ሥራ የሚቀልለው ያኔ ነው፤ አዲሱን ኮድ ከአሮጌው ጋር ያስተያይና ገና ያልደፈኑትን ይፈልጋል። በዚያ ሳምንት ያልታደሰ ትንሽ ብራውዘር ለማንም የተገለጠ በር ሆኖ ቆየ።

ስለ ሌቦቹ መሣሪያም አንድ ልጨምርልሽ። ሬድላይን የሚባል የይለፍ ቃል የሚሰርቅ ሶፍትዌር እ.ኤ.አ. በ2020 ብቅ ብሎ፣ በጥቅምት 2024 የሆላንድ ፖሊስ ከሌሎች አገሮች ጋር ሆኖ ሰርቨሮቹን እስኪይዝ ድረስ በዓለም ዙሪያ ሲሸጥ ነበር። ይህ ሶፍትዌር ክሮምን ብቻ አልነበረም የሚዘርፈው። በክሮሚየም የተሠሩ ብራውዘሮች የይለፍ ቃልን የሚያስቀምጡበት አሠራር ተመሳሳይ ስለሆነ ብዙዎቹን፣ ስማቸውን ሰምተሽ የማታውቂያቸውን ጭምር፣ በአንድ ዙር ያስሳቸው ነበር።

2. የእትሙን ቁጥር ራስሽ ተመልከቺ። ምክሬ ሁሉ ቢረሳሽ ይህን አትርሺ። ብራውዘሩን ክፈቺና ከላይ በስተቀኝ ወይም በስተግራ ያለውን ማውጫ ተጫኚ። "እገዛ" ወይም "መቼት" በሚለው ሥር "ስለ" የሚል ታገኛለሽ። እሱን ስትከፍቺ የብራውዘሩ የራሱ ቁጥር ይታያል፤ ብዙዎቹ ከሥሩ ክሮሚየም ብለው ሌላ ረጅም ቁጥር ያሳያሉ። የምትፈልጊው የዚህን የሁለተኛውን የመጀመሪያ ክፍል ነው። ከዚያ ስልኩ ላይ የታደሰ ክሮም ያለውን ጓደኛሽን እዚያው ገጽ እንዲከፍት ጠይቂውና አስተያዩት። ክሮም ይህን ቁጥር በአራት ሳምንት አንዴ ያህል ከፍ ያደርገዋል። ያንቺ በአንድ ቢያንስ ብዙ አያስደነግጥም፤ አንዳንዶች ትንሽ ዘግይተው ነው የሚከተሉት። በአራት ወይም በአምስት ካነሰ ግን ወራት ያለፈው ነውና ባንክ እንዳትከፍቺበት።

ዋናውን ቁጥር ማየት ብቻ ደግሞ ሙሉ መልስ አይሰጥም። ጉግል እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2023 ወዲህ የክሮምን የደኅንነት ማስተካከያ በየሳምንቱ ነው የሚያወጣው። የብራውዘርሽን አዘጋጆች ድረ ገጽ ክፈቺና የመጨረሻው እትም የወጣበትን ቀን አንብቢ። ያለፈው ወር ከሆነ ሰው አለበት። ያለፈው ዓመት ከሆነ ባለቤቶቹ ሥራውን ትተውታል፤ ያማረ መልክ ቢኖረውም፣ ዳታ ቢቆጥብም፣ ከባንክሽ ጋር ምንም ጉዳይ ሊኖረው አይገባም።

3. ከብራውዘሩ በታች ያለውንም አስቢ። ላፕቶፕሽ ላይ ያለው ዊንዶውስ 7 ነው። ማይክሮሶፍት ለብዙኃኑ ተጠቃሚ ማስተካከያ መስጠት ያቆመው እ.ኤ.አ. በጥር 2020 ነው፤ ክሮምም ከየካቲት 2023 ጀምሮ አዲስ እትሙን ለዚህ ዊንዶውስ አላወጣም። በዚህ ምክንያት ነው እንደ ሱፐርሚየም ያሉ፣ አዲሱን ክሮሚየም በአሮጌ ዊንዶውስ ላይ እንዲሄድ የሚያደርጉ ብራውዘሮች የተወደዱት። ሠሪዎቹን አደንቃለሁ፤ አዲስ ኮምፒውተር መግዛት ለማይችል ሰው የሚያደርጉት ትልቅ ውለታ ነው። ነገር ግን ብራውዘሩ የታደሰ ቢሆን እንኳ የተቀመጠበት ዊንዶውስ ማንም የማይጠግነው ነው። ዜና አንብቢበት፣ ትምህርት ተከታተዪበት፤ የመሥሪያ ቤት ገንዘብ ግን አይንቀሳቀስበት። ሊኑክስ ሚንት በነፃ ይገኛል፣ ፋየርፎክስ ይዞ ይመጣል፣ የማስታወሻ አቅሟ 4 ጊጋባይት በሆነች ላፕቶፕም ይሠራል። የጠፋው ጠባቂ የሚተካው በዚህ ነው፤ ደግሞም ለአንድ ቅዳሜ ከሰዓት የሚሆን ሥራ ነው።

4. በአንቺና በባንኩ መካከል ማን እንደቆመ ጠይቂ። እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ በአገራችን ስልክ ያለው ወጣት ሁሉ የሚነካው ጉዳይ ነውና።

ኦፔራ ሚኒን የማያውቅ የለም። እ.ኤ.አ. በ2005 በኖርዌይ ብቅ ሲል የተሠራው አቅማቸው ዝቅ ላለ ስልኮች ነበር። ከፍተኛው የዳታ ቁጠባ ሲበራ ሥራውን እንዲህ ነው የሚሠራው፦ አንቺ ገጽ ስትጠይቂ ስልክሽ በቀጥታ ወደ ገጹ አይሄድም። ጥያቄው ወደ ኦፔራ ሰርቨር ይሄዳል፤ ሰርቨሩ ገጹን ያመጣል፣ ይከፍታል፣ ያሳጥራል፣ ይጨምቃል፣ ከዚያ ለስልክሽ ይልካል። ለፓኬጅሽ በጣም ይጠቅማል። ከስልክሽ እስከ ሰርቨሩ ያለው መንገድ የተመሰጠረ ነው፤ ከሰርቨሩ እስከ ባንኩ ያለውም የተመሰጠረ ነው። መሀል ላይ ግን ሰርቨሩ ገጹን ለመጨመቅ መክፈት ግድ ይለዋል። በዚያች ቅጽበት የባንክሽ ገጽ በሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ የተገለጠ ነው።

ድሮ ፊደል ያልቆጠረች እናት ከልጇ የመጣላትን ደብዳቤ የጎረቤት ተማሪ ያነብላት ነበር። ልጁ ጨዋ ነው፤ ምሥጢር አያወጣም። ሆኖም የቤቱን ጉድ ሁሉ ያውቃል። የኦፔራ ሚኒ ሰርቨር የቆመው እዚያ ቦታ ላይ ነው። ኩባንያው ራሱ ይህን አልደበቀም፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ ግንኙነት የሚፈልግ ሰው ሙሉውን ብራውዘር ይጠቀም ብሎ በግልጽ ጽፏል። እኔም ሌላ የምለው የለኝም። ከፍተኛውን የዳታ ቁጠባ አብርተሽ ባንክ አትክፈቺ። ፓፊንን የመሳሰሉ ገጹን በሩቅ ሰርቨር ላይ ከፍተው ሥዕሉን ብቻ ለስልክ የሚልኩ ብራውዘሮችም በዚሁ ሚዛን ይለካሉ። ኩባንያዎቹ ሌቦች ናቸው እያልኩ አይደለም። የባንክሽ ይለፍ ቃል ከአንቺና ከባንኩ በቀር ሦስተኛ ቦታ ላይ መገለጥ የለበትም ነው የምለው።

ዳታ ለመቆጠብ ከሆነ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። የንግድ ባንክ ደንበኛ ነሽ፤ *889# ደውለሽ ያለ ኢንተርኔትም ያለ ብራውዘርም ቀሪ ሒሳብሽን ማየትና ገንዘብ ማስተላለፍ ትችያለሽ። የባንኩን አፕ ከጉግል ፕሌይ ከጫንሽም ከድረ ገጹ ያነሰ ዳታ ነው የሚበላው።

5. ብራውዘሩ ስለ አንቺ ለማን እንደሚያወራ እወቂ። ዩሲ ብራውዘር በእስያ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ተጠቃሚ የነበረው፣ የቻይናው አሊባባ የያዘው ብራውዘር ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2015 በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ያለው ሲቲዝን ላብ መርምሮ ያገኘውን አወጣ፦ የቻይንኛው ቅጂ የስልኩን መለያ ቁጥርና ያለበትን ቦታ ደካማ በሆነ መንገድ፣ ወይም ጭራሽ ሳይመሰጥር ይልክ ነበር፤ የእንግሊዝኛውም ቅጂ ሰዎች የሚፈልጉትን ቃል በግልጽ ይልክ ነበር። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2019 ደግሞ ዶክተር ዌብ የተባለው የሩሲያ ድርጅት ሌላ አገኘ። ብራውዘሩ ከጉግል ፕሌይ ውጪ ተጨማሪ ኮድ ባልተመሰጠረ መንገድ ያወርድ ነበር፤ በዚያው ዋይፋይ ላይ የተቀመጠ ሰው መሀል ገብቶ የራሱን ኮድ ሊያስገባ ይችል ነበር። ሕንድ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2020 ከሌሎች አፖች ጋር አገደችው። እገዳው ከድንበር ግጭት በኋላ የመጣ ፖለቲካዊ ውሳኔም ነበረና እሱን እንደ ማስረጃ አልቆጥረውም። የተመራማሪዎቹ ግኝት ግን ይበቃኛል።

"ደኅንነቱ የተጠበቀ" የሚል ጽሑፍም አያታልልሽ። ኮሞዶ የታወቀ የደኅንነት ኩባንያ ነው፤ ክሮሞዶ የሚባል የራሱን ብራውዘር ከጸረ ቫይረሱ ጋር አብሮ ይጭን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 መጀመሪያ የጉግል ተመራማሪዎች ሲፈትሹት አንድ ገጽ የሌላውን ገጽ መረጃ እንዳያይ የሚከለክለውን መሠረታዊ ሕግ አጥፍቶት አገኙት። ይህ ሕግ ከሌለ በአንድ ታብ ላይ የከፈትሽው የዘፈን ገጽ በሌላው ታብ ያለውን የባንክ ገጽሽን ሊያነብ ይችላል። ብራውዘሩ ግን የሚተዋወቀው ጠባቂ ነው ተብሎ ነበር።

6. ብራውዘሩን ከቤቱ ውሰጂው። መርካቶ ስልክ ገዝተሽ ስትወጪ ባለ ሱቁ ገመድ ሰክቶ "የሚያስፈልግሽን ሁሉ ልጫንልሽ" ይልሻል። ከኮምፒውተሩ ላይ አንድ ሙሉ ማኅደር ይገለብጣል፦ ብራውዘር፣ ሙዚቃ ማጫወቻ፣ ቪፒኤን፣ የባንክ አፕ ሳይቀር። ሰውየው ክፋት ላይኖርበት ይችላል፤ እሱም ከሌላ ሰው ነው የገለበጠው። ነገር ግን የእነዚያ ፋይሎች ምንጭ የማይታወቅ ነው። በቴሌግራም የሚላክ የአፕ መጫኛ ፋይልም (ኤፒኬ) እንዲሁ። "ከማይታወቅ ምንጭ መጫን ይፈቀድ?" ብሎ ስልክሽ ሲጠይቅሽ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

አንድ መለያ ልስጥሽ። አንድሮይድ ላይ እያንዳንዱ አፕ የሠሪው ዲጂታል ፊርማ አለበት። በሱቁ የተጫነልሽን ብራውዘር ጉግል ፕሌይ ላይ ፈልጊና "አዘምን" የሚለውን ሞክሪ። ትክክለኛው ከሆነ ያለ ችግር ይታደሳል። ሌላ ሰው ነካክቶት በራሱ ፊርማ የፈረመው ከሆነ ግን ፕሌይ ሊያድሰው አይችልም። እንዲህ ከሆነ አጥፊውና ከፕሌይ አዲስ ጫኚ፤ የባንክ አፑንም እንደዚሁ አድርጊ።

በኮምፒውተርም ከአዘጋጁ ድረ ገጽ ብቻ አውርጂ፤ ሁልጊዜም የመጨረሻውን እትም። ፔል ሙን የሚባለው ከፋየርፎክስ የተወለደ ትንሽ ብራውዘር የደረሰበት ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2019 አዘጋጆቹ እንዳስታወቁት አንድ ሰው የድሮ እትሞች የሚቀመጡበት ሰርቨር ውስጥ ገብቶ ፋይሎቹን በቫይረስ በክሎ ነበር። ዋናው ማውረጃ አልተነካም። የተጎዳው "አሮጌው ይቀለኛል" ብሎ ወደ ማኅደሩ የሄደው ነው። አዘጋጆቹ ሳይሸሽጉ ዝርዝሩን መናገራቸውን ደግሞ አከብርላቸዋለሁ፤ ከትንሽ ቡድንም የሚጠበቀው ይህ ነው።

7. ኤክስቴንሽን፣ ማለትም ብራውዘሩ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም፣ አታብዢ። ባንክ በምትከፍቺበት ብራውዘር ላይማ አንድም ባይኖር እመርጣለሁ። ግሬት ሰስፔንደር የተባለው፣ ታቦችን እያስተኛ ኮምፒውተር የሚያቀል ኤክስቴንሽን በሚሊዮኖች ይወደድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 ሠሪው ለማይታወቅ ሰው ሸጠው፤ በየካቲት 2021 ጉግል ተንኮል አለበት ብሎ ከሰው ሁሉ ኮምፒውተር ላይ አጠፋው። ስሙም ምልክቱም አልተለወጠም ነበር፤ የተለወጠው ባለቤቱ ነው።

8. ለገንዘብ የተለየ ብራውዘር ይኑርሽ። ትንሹን ብራውዘር ከወደድሽው አልነጥቅሽም። ለንባብ፣ ለፊልም፣ ለማኅበራዊ ሚዲያ ተጠቀሚበት። ለባንክ ግን ሌላ፣ በየጊዜው የሚታደስ፣ ምንም ያልተጨመረበት አንድ ብራውዘር ለይተሽ አስቀምጪ። ፋየርፎክስ ሊሆን ይችላል፣ ኤጅ ሊሆን ይችላል። በእሱ ሌላ ገጽ አትክፈቺ። የይለፍ ቃሉን እንዲያስታውስልሽ አትፍቀጂ። ሲዘጋ ኩኪውን ሁሉ እንዲያጠፋ አድርገሽ አስተካክዪው። ሥራሽን ስትጨርሺ መስኮቱን ከመዝጋትሽ በፊት "ውጣ" የሚለውን ተጫኚ። የመሥሪያ ቤት ሒሳብ በእጅሽ ስላለ ይህ ያንቺ ብቻ ጉዳይ አይደለም፤ በአደራ የያዝሽው የሌሎች ሰዎች ደመወዝ አለበት።

9. አድራሻውን በእጅሽ ጻፊ፣ ወይም አንዴ አረጋግጠሽ ካስቀመጥሽው ዕልባት ክፈቺ። ከፍለጋ ውጤት፣ ከቴሌግራም፣ ከጽሑፍ መልእክት የመጣ ሊንክ ወደ ባንክ አያግባሽ። የቁልፍ ምልክት አለ ብለሽም አትረጋጊ። ቁልፉ የሚነግርሽ መንገዱ የተመሰጠረ መሆኑን ብቻ ነው፤ ከወዲያኛው ጫፍ የተቀመጠው አጭበርባሪም ሊሆን ይችላል። የምስጠራ ሰርተፊኬት ዛሬ በነፃ ለማንም ይሰጣል። ሰው ይህን ምልክት ከሚገባው በላይ ስላመነው ጉግል እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 ከክሮም ላይ አንስቶታል።

አድራሻ ሲነበብ ዓይንሽ መጀመሪያ ላይ ያለውን የባንክ ስም ካየ በኋላ አይቁም። https:// ከሚለው በኋላ እስከሚመጣው የመጀመሪያ ሕዝባር (/) ድረስ ሂጂና ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሰሽ አንብቢ፤ የቤቱ ባለቤት ከሕዝባሩ በፊት ካለው .com፣ .et ወይም .com.et ቀድሞ የሚገኘው የመጨረሻው ስም ነው። ፊደሎቹ ራሳቸው ሊያታልሉ ይችላሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 አንድ ተመራማሪ የአፕልን አድራሻ በሩሲያ ፊደላት ጽፎ በዓይን የማይለይ ገጽ ከፍቶ አሳይቷል። ትልልቆቹ ብራውዘሮች ይህን የሚይዝ ጥበቃ አላቸው። የተተወ ብራውዘር ላይኖረው ይችላል።

  

10. ማስጠንቀቂያ ሲመጣ አትለፊው፤ መጀመሪያ ግን ቀኑን እዪ። ይህ በእኛ አገር በተለይ የሚገጥም ችግር ስለሆነ በዝርዝር ልጻፈው። ሰርተፊኬት የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው፤ ብራውዘሩ የሚያመሳክረው ከኮምፒውተሩ ሰዓት ጋር ነው። በአሮጌ ላፕቶፕ ውስጥ ያለችው ትንሿ ባትሪ ስትሞት ኮምፒውተሩ በጠፋ ቁጥር ቀኑ ወደ ድሮ ይመለሳል። ሌላው ደግሞ ኮምፒውተሩን በእኛ አቆጣጠር ይሞላዋል፤ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄደ ማለት ነው። ያኔ የዓለም ድረ ገጽ ሁሉ "ግንኙነትዎ አስተማማኝ አይደለም" ማለት ይጀምራል፤ ተጠቃሚውም ሳያነብ "ቢሆንም ቀጥል" መጫን ይለምዳል። አደጋው ልማዱ ላይ ነው። አንድ ቀን እውነተኛው አጭበርባሪ መሀል ሲገባ ያው ማስጠንቀቂያ ይመጣል፣ እጁም እንደለመደው ይጫናል። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ሰዓቱንና ዓመተ ምሕረቱን በአውሮፓውያኑ አስተካክዪ፣ ባትሪዋን አስቀይሪ። ቀኑ ትክክል ሆኖ ማስጠንቀቂያው ከባንክ ገጽ ላይ ከመጣ ግን ዝጊው። የባንኩ ገጽ በትንሹ ብራውዘር አልከፈት ሲልም ጥበቃውን እያጠፋሽ አታስገድጂው፤ ብራውዘር ቀይሪ።

11. ባንክ ስትከፍቺ ቪፒኤን አጥፊ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2023 ማኅበራዊ ሚዲያ ተዘግቶ በነበረበት ጊዜ ብዙ ወጣት ያገኘውን ነፃ ቪፒኤን ሁሉ ጫነ፤ ከተከፈተ በኋላም ስልኩ ላይ ቀረ። ዱባይ ያለችው እህትሽም እዚያ የዋትስአፕ ጥሪ ስለማይሠራላት እናታችሁን የምታገኘው በዚሁ ነው፤ ከዚያ ሳታጠፋው የሐዋላ ገንዘብ ልትልክ ባንኳን ትከፍታለች። ነፃ ቪፒኤን ስልክሽ የሚልከውን ሁሉ በማይታወቅ ሰው ሰርቨር በኩል ያሳልፋል። ባንኩም ድንገት ከሌላ አገር የገባሽ ስለሚመስለው ሒሳብሽን ሊያግደው ይችላል። እንድታጠፋው ንገሪያት።

12. በስልክሽ የሚላክልሽን የአንድ ጊዜ ኮድ (ኦቲፒ) ለማንም አትስጪ። ባንክ ነኝ ቢልሽም፣ ስምሽንና የሒሳብ ቁጥርሽን ቢጠራልሽም። እጅሽ ከሰጠ የትኛውም ብራውዘር አያድንሽም።

13. አንድ ነገር ከጠረጠርሽ በዚያው ኮምፒውተር ለማስተካከል አትሞክሪ። መጀመሪያ ለባንኩ ደውዪ፤ የንግድ ባንክ 951 ነው፤ የኢንተርኔትና የሞባይል አገልግሎቱን እንዲያግዱ ጠይቂ። ስልክሽ ድንገት ኔትወርክ ካጣ ሲም ካርድሽን ሌላ ሰው አውጥቶት ሊሆን ስለሚችል በሌላ ስልክ 994 ደውለሽ ኢትዮ ቴሌኮምን አሳውቂ። የይለፍ ቃሉን የምትቀይሪው ከሌላ፣ ንጹሕ ከሆነ ኮምፒውተር ወይም ስልክ ነው፤ የኢሜይልሽንም ጭምር። የመሥሪያ ቤቱ ሒሳብ ከሆነ ለአለቃሽ በዚያው ሰዓት ንገሪ፤ ተቆጥቶሽ ያልፋል፣ የዘገየ ወሬ ግን ገንዘቡን ይዞት ይሄዳል። ከዚያ ሒሳቡ ያለበት ቅርንጫፍ ሄደሽ በጽሑፍ አመልክቺ፤ የደወልሽበትን ሰዓት፣ ያነጋገረሽን ሠራተኛ ስም፣ ያልፈጸምሽውን ዝውውር መለያ ቁጥር ጥቀሺና ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ ይዘሽ ውጪ።